ሁጎ ግሮቲየስ፤ የባሕርንና የጦርነትን ሕግ የጻፈው ሆላንዳዊ

በአገራችን ሁለት ሰዎች ተጣልተው አንዱ ዱላ ቢያነሣ፣ በዚያ የሚያልፍ መንገደኛ «በሕግ አምላክ!» ሲለው እጁን መሰብሰብ ከጥንት የቆየ ልማድ ነው። ይህ ቃል ኃይል የሚያገኘው ከተናጋሪው ጉልበት አይደለም። ከቃሉ በስተኋላ ዳኛ አለ፤ ከዳኛውም በስተኋላ መንግሥት አለ። ነገር ግን የተጣሉት ሁለት መንግሥታት የሆኑ እንደ ሆነ፣ በመካከላቸው ገብቶ «በሕግ አምላክ» የሚላቸው ማን ነው? ቢላቸውስ ስለ ምን ይሰሙታል?

ይህን ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ ሲመረምር የኖረ፣ በመጨረሻም ለመላው ዓለም የሚሆን መልስ በመጽሐፍ ጽፎ የተወ አንድ የሆላንድ ሰው ነበረ። ስሙ ሁጎ ግሮቲየስ ይባላል። እርሱ ጠበቃ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ የከተማ ሹም፣ እስረኛ፣ ስደተኛና አምባሳደር ሆኖ ኖሯል። ትምህርት ለአንድ ሰው ምን ሊያደርግለት እንደሚችል፣ ምንስ ሊያደርግለት እንደማይችል ከሕይወቱ መረዳት ስለሚቻል ታሪኩን ባጭሩ እንመለከታለን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

አገሩና ልጅነቱ

ግሮቲየስ በ1583 ዓ.ም. ሚያዝያ 10 ቀን ዴልፍት በምትባል የሆላንድ ከተማ ተወለደ። በአገሩ ቋንቋ ስሙ ሃውክ ደ ግሮት ነው፤ የዚያን ጊዜ ሊቃውንት ግን መጽሐፋቸውን የሚጽፉት በላቲን ስለ ነበረ ስማቸውንም ወደ ላቲን ይመልሱ ነበርና ግሮቲየስ ተባለ።

በተወለደበት ዘመን አገሩ በጦርነት ላይ ነበረች። የኔዘርላንድ ሕዝብ ይገዛው በነበረው በእስፓንያ ንጉሥ ላይ በ1568 ዓ.ም. ተነሥቶ ነበር፤ በ1581 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜኑ ክፍላተ ሀገር መማክርት ንጉሥ ፊሊጶስ 2ኛን ከእንግዲህ ወዲህ ንጉሣችን አይደለም ብለው በጽሑፍ ካዱት። የነጻነቱ መሪ የነበረው የኦራንዥ መስፍን ዊልያም በዚያችው በዴልፍት ከተማ በነፍሰ ገዳይ ጥይት ሲሞት ግሮቲየስ ገና የ1 ዓመት ሕፃን ነበረ።

አባቱ የተማረና በከተማው የተከበረ ሹም ነበረ። ልጁም በ8 ዓመቱ በላቲን ግጥም ይጽፍ ነበር ይባላል። በ11 ዓመቱ ወደ ላይደን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ በዚያ ዘመን በመላው አውሮፓ ስሙ ገንኖ ከነበረው ከሊቁ ከዮሴፍ ስካሊገር ዘንድ ተማረ። በ15 ዓመቱ ከሆላንድ መልእክተኞች ጋር ወደ ፈረንሳይ ሄደ። ንጉሡ ሄንሪ 4ኛ የልጁን ዕውቀት ባየ ጊዜ «የሆላንድ ተአምር ይኸውላችሁ» ብሎ አደነቀው ይባላል። በዚሁ ጉዞ በኦርሌያን ከተማ የሕግ ዶክቶር ማዕርግ ተቀበለ። ወደ አገሩ ተመልሶም በ1599 ዓ.ም. በ16 ዓመቱ በሄግ ከተማ ፍርድ ቤት ጠበቃ ሆነ።

እንዲህ ያለው ልጅ ብዙ ጊዜ እንደ ማለዳ ጤዛ ታይቶ ይጠፋል። ግሮቲየስ ግን በተፈጥሮ ባገኘው ብሩህ አእምሮ ላይ ትጋት ጨመረበት። ጥብቅናው እንጀራው ነበረ፤ ከጥብቅናው በተረፈው ሰዓት ደግሞ ታሪክና ጥንታውያን መጻሕፍትን ይመረምር ነበር። በ1601 ዓ.ም. የሆላንድ መማክርት የአገሩን የነጻነት ጦርነት ታሪክ በላቲን እንዲጽፍ የታሪክ ጸሓፊ አድርገው ሾሙት።

ሳንታ ካታሪና የተባለችው መርከብ

በዚያን ጊዜ ፖርቱጋልና እስፓንያ በአንድ ንጉሥ ሥር ነበሩ። ፖርቱጋሎች ወደ ሕንድና ከዚያም ወዲያ ወዳሉት የቅመም አገሮች የሚያደርሰውን የባሕር መንገድ አስቀድመን ያገኘነው እኛ ነን፣ ጳጳሱም ለእኛ ሰጥቶናል እያሉ ሌላ ሕዝብ በዚያ ባሕር እንዳይመላለስ ይከለክሉ ነበር። ሆላንዶች ይህን ክልከላ አልቀበልም ብለው በ1602 ዓ.ም. የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የሚባለውን ታላቅ የንግድ ማኅበር አቋቋሙ።

በ1603 ዓ.ም. ያዕቆብ ፋን ሄምስከርክ የሚባል የሆላንድ መርከበኛ ሳንታ ካታሪና የተባለችውን የፖርቱጋል መርከብ በሲንጋፖር አጠገብ ማረካት። ሐርና ሸክላ ሌላም የቻይና ዕቃ ሞልቶባት ነበር። ንብረቷ አምስተርዳም ደርሶ ሲሸጥ ከ3 ሚሊዮን ጊልደር በላይ አወጣ። ይህ ሁሉ ሀብት በተገኘ ጊዜ ጥያቄ ተነሣ። አንድ የንግድ ኩባንያ የሌላውን አገር መርከብ መማረክ ይገባዋልን? ይህስ ንግድ ነው ወይስ የባሕር ሽፍትነት? ከባለ አክሲዮኖቹም መካከል በምርኮ የተገኘ ገንዘብ አንካፈልም ያሉ ነበሩ።

ኩባንያውም ግሮቲየስ ስለ ነገሩ የሕግ ሐተታ እንዲጽፍለት ጠየቀው። ግሮቲየስ ሰፊ መጽሐፍ ጻፈ፤ ነገር ግን ሙሉው ሳይታተም ተቀምጦ ከ250 ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ በ1868 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ታተመ። በሕይወቱ ሳለ የታተመው አንዱ ምዕራፍ ብቻ ነው። ይኸውም በ1609 ዓ.ም. «ነጻ ባሕር» በሚል ስም፣ የደራሲው ስም ሳይጠቀስ ወጣ።

የትንሹ መጽሐፍ አሳብ ይህ ነው። አንድ ነገር የአንድ ሰው ሀብት ሊሆን የሚችለው ሊይዘውና ሊከልለው የቻለ እንደ ሆነ ነው። እርሻ ይታጠራል፤ ቤት ይዘጋል። ባሕርን ግን ማን ያጥረዋል? መርከብ ባለፈችበት ውኃ ላይ ዱካ አይቀርም። ደግሞም አንድ ሰው በባሕር ላይ በመሄዱ ለሌላው የሚጎድልበት የለም፤ አየርን ሁላችን ብንተነፍሰው እንደማያልቅ ሁሉ የባሕርም መንገድ በመመላለስ አያልቅም። ስለዚህ ባሕር የሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ነው።

ፖርቱጋሎች አገኘን ስለሚሉትም የሰጠው መልስ ሊታወስ ይገባል። ባለቤት ያለውን ነገር «አገኘሁ» ማለት አይቻልም አለ። የጃቫ፣ የሱማትራና የሞሉካ ሕዝቦች የራሳቸው ነገሥታትና የራሳቸው ሕግ አላቸው፤ ክርስቲያኖች ስላልሆኑ ሀብታቸውና ግዛታቸው አይወሰድም፤ ጳጳሱም የራሱ ያልሆነውን ለሌላ ሊሰጥ አይችልም ሲል ጻፈ።

እዚህ ላይ ግን ነገሩን በሁለት ወገን ማየት ያስፈልጋል። ግሮቲየስ ይህን ሲጽፍ የኩባንያው ጠበቃ ነበረ፤ መጽሐፉም የደንበኛውን ጥቅም የሚከላከል ነው። ኩባንያው ግን ፖርቱጋሎችን ካስወጣ በኋላ ባሕሩን ለሁሉ አልተወውም፤ የቅመሙን ንግድ ለብቻው ያዘ፤ የደሴቶቹንም ሰዎች በጦር ኃይል አስገደደ። በ1613 ዓ.ም. ግሮቲየስ ራሱ ወደ ለንደን ተልኮ የሆላንድን የብቻ ንግድ ሲከላከል፣ እንግሊዞቹ «ነጻ ባሕር» ከሚለው መጽሐፍ እየጠቀሱ መለሱለት። የገዛ ቃሉ ከባላጋራው አፍ መጣበት ማለት ነው። ከዚህ የምንማረው ሕግ አንድ ጊዜ ለሁሉ ነው ተብሎ ከተጻፈ በኋላ የጻፈው ሰው እንኳ ለራሱ ብቻ ሊያደርገው እንደማይችል ነው።

ሹመትና ውድቀት

ግሮቲየስ በ1607 ዓ.ም. የሆላንድና የዜላንድ ዐቃቤ ሕግ ሆነ። በሚከተለው ዓመት ማርያ ፋን ራይገርስበርክ የምትባለውን ብልህ ሴት አገባ። በ1613 ዓ.ም. ደግሞ የሮተርዳም ከተማ ፔንሲዮናሪ ሆነ፤ ይኸውም የከተማው የሕግ አማካሪና በመማክርቱ ጉባኤ ስለ ከተማው የሚናገር ሹም ማለት ነው። የዚያን ጊዜ ዕድሜው 30 ዓመት ነበር።

በዚህ ጊዜ በአገሩ ላይ ትልቅ ክርክር ተነሥቶ ነበር። የመጀመሪያው ምክንያት የሃይማኖት ነበረ። አርሚኒየስና ጎማሩስ የተባሉ ሁለት የላይደን መምህራን፣ እግዚአብሔር የሚድነውንና የሚጠፋውን ሰው አስቀድሞ ስለ መምረጡ ተከራከሩ። የመምህራኑ ክርክር ከትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ ገበያ ገባ፤ ሕዝቡም በሁለት ተከፈለ። ሁለተኛው ምክንያት የሥልጣን ነገር ነበረ። በአንድ ወገን የሆላንድ መማክርት ዋና መሪ ሽማግሌው ዮሐን ፋን ኦልደንባርነፌልት ነበረ፤ በሌላው ወገን ደግሞ የጦሩ አዛዥና የዊልያም ልጅ መስፍን ማውሪትስ ነበረ። ኦልደንባርነፌልት ከእስፓንያ ጋር በ1609 ዓ.ም. ለ12 ዓመት ጦርነት የማቆም ውል አድርጎ ስለ ነበረ የጦር ሰዎች ጠልተውት ነበር።

ግሮቲየስ ከኦልደንባርነፌልት ጋር ቆመ። በ1614 ዓ.ም. መማክርቱ ያወጡትን አዋጅ ያረቀቀው እርሱ ነው። አዋጁ ሰባኪዎች ይህን የረቀቀ ክርክር ወደ አትሮንስ እንዳያወጡ፣ በአሳብ የተለያዩትም በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተቻችለው እንዲኖሩ የሚያዝዝ ነበር። አሳቡ መልካም ነበረ፤ ነገር ግን የተቆጣ ሕዝብ በአዋጅ አይበርድም። አንዱ ወገን ዝም በሉ መባላችን በደል ነው አለ፤ ጠቡም ባሰ።

በ1618 ዓ.ም. ነሐሴ 29 ቀን መስፍን ማውሪትስ ኦልደንባርነፌልትን፣ ግሮቲየስንና የላይደኑን ሹም ሆገርቤትስን በሄግ አሰራቸው። ለዚሁ ጉዳይ ብቻ የተሰየመ ልዩ ፍርድ ቤት ተቋቋመ፤ ከዳኞቹም ብዙዎቹ የተከሳሾቹ ጠላቶች ነበሩ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ ትናንት ያጎነበሰላቸው ሁሉ ዛሬ መስካሪ ሆነ። ኦልደንባርነፌልት በ71 ዓመቱ በ1619 ዓ.ም. ግንቦት 13 ቀን አንገቱ በሰይፍ ተቆረጠ። ከ5 ቀን በኋላ በግሮቲየስ ላይ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት፤ ሀብቱም ተወረሰ።

የመጽሐፍ ሣጥን

ግሮቲየስ የታሰረው ሉፈስታይን በሚባል ግንብ ነው። ግንቡ ማስና ቫል የተባሉት ሁለት ወንዞች ከሚገናኙበት ስፍራ ላይ የቆመ ስለ ሆነ በውኃ የተከበበ ነው። ሚስቱ ማርያ ከልጆቿና ከአገልጋይዋ ጋር አብራው ለመኖር ፈቃድ አገኘች። ወዳጆቹም መጻሕፍት እንዲያውሱት ተፈቀደለት። መጻሕፍቱ በትልቅ ሣጥን ሆነው በጀልባ ይመጣሉ፤ ካነበባቸው በኋላ ከሚታጠብ ልብስ ጋር ወደ ጎርኩም ከተማ ይመለሳሉ።

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ቦታ ተስፋ በቆረጠ ነበር። ግሮቲየስ ግን እስር ቤቱን ትምህርት ቤት አደረገው። በዚያ ሆኖ ስለ ሆላንድ ሕግ መግቢያ የሚሆን መጽሐፍ በአገሩ ቋንቋ ጻፈ። ይህ መጽሐፍ በ1631 ዓ.ም. ታትሞ፣ የሆላንድ ሕግ በተተከለበት በደቡብ አፍሪቃ ፍርድ ቤቶች እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ደግሞም ስለ ክርስትና ሃይማኖት እውነተኛነት ለመርከበኞች የሚሆን ረጅም ግጥም ጻፈ፤ ይህም በኋላ በላቲን ተዘጋጅቶ ወደ ብዙ ቋንቋዎች፣ ወደ ዐረብኛም ጭምር ተተረጐመ።

ሚስቱ ማርያ ግን አንድ ነገር አስተዋለች። ዘበኞቹ በመጀመሪያ ሣጥኑን በጥንቃቄ ይፈትሹት ነበር፤ ጊዜው እየቆየ ሲሄድ ግን መጽሐፍና እድፋም ልብስ ብቻ ማየት ሰልችቷቸው መፈተሹን ተዉ። ማርያም ባሏን በሣጥኑ ውስጥ ተኝቶ ሳይንቀሳቀስ እንዲቆይ ታለማምደው ጀመር። በ1621 ዓ.ም. መጋቢት 22 ቀን፣ የግንቡ አዛዥ ለጉዳይ ወጥቶ ሳለ፣ ግሮቲየስ ከሣጥኑ ገባ። ወታደሮቹ ሲያነሡት ከበዳቸውና «አርሚኒያዊ ገብቶበታል እንዴ?» ብለው ቢቀልዱ፣ ማርያ «የአርሚኒያውያን መጻሕፍት ናቸው» ብላ መለሰች ይባላል።

ከሣጥኑ ጋር የሄደችው ኤልሴ ፋን ሃውወኒንግ የምትባል ወጣት አገልጋይ ነበረች። በጀልባው ላይ ሣጥኑ እንዳይንሸራተት አሳሰረችው፤ እስከ ጎርኩም ድረስ አጠገቡ ሆና ሳትደናገጥ ወደ ወዳጆቻቸው ቤት አደረሰችው። ግሮቲየስ ከዚያ የግንበኛ ልብስ ለብሶ፣ የግንበኛ መሣሪያ ይዞ ወደ አንትወርፕ ሸሸ፤ ከዚያም ወደ ፓሪስ ገባ። ማርያ ለጊዜው ተይዛ ቆየች፤ ነገር ግን ብዙም ሳይቆይ ተለቀቀች። ዛሬ በሆላንድ ውስጥ «እውነተኛው ሣጥን የእኛ ነው» የሚሉ ከአንድ በላይ የሆኑ ቤተ መዘክሮች አሉ።

ስለ ታላላቅ ሰዎች ሲጻፍ የሁለት ሴቶች ብልሃትና ድፍረት ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ይታለፋል። ነገር ግን ማርያና ኤልሴ ባይኖሩ ቀጥሎ የምንናገርለት መጽሐፍ ባልተጻፈም ነበር።

የጦርነትና የሰላም ሕግ

በፓሪስ ንጉሥ ሉዊ 13ኛ ጡረታ ቈረጠለት፤ ነገር ግን ገንዘቡ በወቅቱ ስለማይከፈል ቤተ ሰቡ ብዙ ጊዜ ይቸገር ነበር። ወደ እርሱ ይቀርቡ ከነበሩት የጀርመን ወጣቶች አንዱ የሊዩቤክ ተወላጅ ጴጥሮስ ሃይሊንግ እንደ ነበረ ማስታወስ ለእኛ ደስ ያሰኛል፤ ይህ ሰው በኋላ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን ወደ አገራችን መጥቶ በቤተ መንግሥት የኖረው ነው።

በዚያን ጊዜ በጀርመን አገር በ1618 ዓ.ም. የተጀመረው የ30 ዓመት ጦርነት ይነድድ ነበር። ከተሞች ይቃጠላሉ፤ ገበሬው ይዘረፋል፤ ወታደሩ ጠላትና ወዳጅ አይለይም ነበር። ግሮቲየስም ክርስቲያኖች ነን የሚሉ ሕዝቦች ለቀላል ምክንያት ወይም ያለ ምክንያት ጦር እንደሚያነሡ፣ ጦር ካነሡም በኋላ ማናቸውም ወንጀል እንደ ተፈቀደላቸው እንደሚያስቡ አይቶ እጅግ አዘነ። በ1625 ዓ.ም. «የጦርነትና የሰላም ሕግ» የተባለውን ታላቁን መጽሐፉን በፓሪስ አሳተመ።

የመጽሐፉ መሠረት ይህ ነው። ሰው በተፈጥሮው ከሌላው ሰው ጋር በሰላም ለመኖር የሚፈልግና ማስተዋል የተሰጠው ፍጥረት ነው። ከዚህ ተፈጥሮ የሚመነጭ ሕግ አለ፤ ይኸውም የሰውን ሀብት አለመውሰድ፣ የገቡትን ቃል መጠበቅ፣ ያጠፉትን መካስ ነው። ይህ ሕግ ንጉሥ ስላወጀው የጸና ንጉሥ ስለ ሻረውም የሚሻር አይደለም፤ በሰላም ጊዜ እንደሚሠራ በጦርነትም ጊዜ ይሠራል።

መጽሐፉ በሦስት ክፍል የተከፈለ ነው። ዋና ዋና አሳቦቹን ብናወጣ የሚከተሉትን እናገኛለን።

1ኛ፤ ጦርነት ያለ በቂ ምክንያት አይነሣም። በቂ ምክንያቶች ራስን መከላከል፣ የተወሰደን ሀብት ማስመለስና በደለኛን መቅጣት ናቸው። የጎረቤት አገር ኃይል መጨመሩን መፍራት በቂ ምክንያት አይደለም። የተሻለ መሬት መመኘት ምክንያት አይደለም። ሌላውን ሕዝብ ለጥቅሙ ነው እያሉ በግድ መግዛትም ምክንያት አይሆንም።

2ኛ፤ ጦር ከመነሣቱ በፊት ሌላ መንገድ መፈለግ ይገባል። ተቀምጦ መነጋገር፣ ወይም ነገሩን ለሽማግሌ ዳኛ መስጠት ይቻላል። መንግሥታት በየጊዜው እየተሰበሰቡ፣ በነገሩ ጥቅም የሌላቸው የተጣሉትን እንዲያስታርቁ ቢደረግ መልካም ነው ብሎ ጻፈ።

3ኛ፤ በጦርነትም ውስጥ ልክ አለ። ሕፃናት፣ ሴቶች፣ ሽማግሌዎች፣ ካህናት፣ የትምህርት ሰዎች፣ ገበሬዎችና ነጋዴዎች ሊገደሉ አይገባም፤ እጁን የሰጠ ምርኮኛም ይማራል። ጠላትን በመርዝ መግደልም በሕዝቦች ሕግ የተከለከለ ነው።

4ኛ፤ ለጠላት የተሰጠ ቃልም ይጠበቃል፤ ቃል ከፈረሰ ሰላም የሚመለስበት ድልድይ አይኖርምና።

መጽሐፉ ጉድለትም አለው። ግሮቲየስ የጦር ምርኮኛን ባሪያ ማድረግ በሕዝቦች ልማድ የተፈቀደ ነው ብሎ ተቀብሏል፤ አንድ ሕዝብም ነጻነቱን ለገዢ አሳልፎ ሊሰጥ ይችላል ብሏል። ስለዚህ ነገር የፈረንሳዩ ጸሓፊ ሩሶ በብርቱ ነቅፎታል። የጀርመኑ ፈላስፋ ካንት ደግሞ በ1795 ዓ.ም. ግሮቲየስንና መሰሎቹን እንደ ኢዮብ ወዳጆች የማይጠቅሙ አጽናኞች ብሏቸዋል፤ ነገሥታት ጦር ለማንሣት ሲፈልጉ የእነርሱን ቃል ይጠቅሳሉ እንጂ በእነርሱ ቃል ጦሩን የተወ ንጉሥ የለም ማለቱ ነው። ይህ ነቀፋ ቀላል አይደለም፤ ከዚህ በታች እንመለስበታለን።

አምባሳደርነቱና ሞቱ

ግሮቲየስ አገሩን ይናፍቅ ነበር። በ1631 ዓ.ም. ምሕረት አገኛለሁ ብሎ ወደ ሆላንድ ተመለሰ። ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ምሕረት እንዲለምን ቢመከር፣ ያልበደልኩትን በድያለሁ አልልም አለ። ስለዚህ በ1632 ዓ.ም. እንደ ገና ተሰደደ።

አገሩ ያልፈለገችውን ሌላ አገር ፈለገው። የስዊድን መንግሥት መሪ ኦክሰንስቸርና በ1634 ዓ.ም. በፓሪስ የስዊድን አምባሳደር አድርጎ ሾመው። አስቀድሞም የስዊድኑ ንጉሥ ጉስታቭ አዶልፍ የግሮቲየስን መጽሐፍ ወደ ጦር ሜዳ ይዞ ይሄድ ነበር ይባላል። ግሮቲየስ በዚህ ሥራ 10 ዓመት ያህል አገለገለ፤ ነገር ግን በመጽሐፍ የተዋጣለት ሰው በቤተ መንግሥት አልተዋጣለትም። ከፈረንሳዩ ካርዲናል ሪሽልየ ጋር ሊስማማ አልቻለም፤ ልቡም ይበልጥ የተከፋፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት በማስታረቅ አሳብ ላይ ነበር።

በ1645 ዓ.ም. ንግሥት ክርስቲና ወደ ስቶክሆልም አስጠራችው። ከዚያ ሲመለስ መርከቡ በማዕበል ተመታ፤ ወደ ባሕሩ ዳር ወጥቶ በዝናብና በብርድ በጋሪ ተጉዞ ሮስቶክ ከምትባል የጀርመን ከተማ ደረሰ። በዚያም ነሐሴ 28 ቀን 1645 ዓ.ም. በ62 ዓመቱ ሞተ። በሕይወቱ ሳለ ያልተቀበለችው አገሩ አስከሬኑን ተቀበለችው፤ በተወለደባት በዴልፍት፣ የነጻነቱ መሪ ዊልያም በተቀበረበት በዚያው ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ከ3 ዓመት በኋላ በ1648 ዓ.ም. የዌስትፋልያ ሰላም ተፈርሞ የ30 ዓመቱ ጦርነት ቆመ፤ የሆላንድም ነጻነት በዚያው ዓመት በእስፓንያ ዘንድ ታወቀ።

ከእርሱ በኋላ

የግሮቲየስ አሳብ ፍሬ ለማፍራት ብዙ ጊዜ ወሰደበት። በ1899 ዓ.ም. መንግሥታት በሄግ ለሰላም ጉባኤ በተሰበሰቡ ጊዜ፣ የአሜሪካ መልእክተኞች በመቃብሩ ላይ ከብር የተሠራ አክሊል አኖሩ። በ1913 ዓ.ም. ነሐሴ 28 ቀን፣ ማለትም እርሱ በሞተበት ዕለት፣ በሄግ የሰላም ቤተ መንግሥት ተመረቀ፤ ዛሬ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት የሚያስችለው በዚያ ነው። ባሕርን ስለሚመለከተውም በ1982 ዓ.ም. የተፈረመው ዓለም አቀፍ የባሕር ሕግ ለባሕር ዳር አገሮች እስከ 12 የባሕር ማይል ድረስ የግዛት ውኃ ፈቅዶ፣ ሰፊውን ባሕር ለሁሉ ነጻ አድርጎ አስቀርቶታል። የባሕር በር የሌለውም አገር መርከብ በሰንደቅ ዓላማው ሊሄድበት መብት አለው። ከ1993 ዓ.ም. ወዲህ ወደብ የሌላት አገራችን መርከቦቿን በባሕር ላይ የምታሰማራው በዚህ መብት ነው።

አሁን ወደ ካንት ነቀፋ እንመለስ። ሕግን የሚያስፈጽም ኃይል ከሌለ ሕግ ምን ይጠቅማል? ይህን ጥያቄ ከእኛ ይልቅ አብዝቶ ሊጠይቅ የሚገባው የለም። የግሮቲየስ መጽሐፍ ከታተመ ልክ በ300 ዓመቱ፣ በ1925 ዓ.ም.፣ የመርዝ ጋዝ በጦርነት እንዳይሠራበት የሚከለክል ውል በዤኔቭ ተፈረመ። ኢጣልያም ፈራሚ ነበረች። ከ10 ዓመት በኋላ ግን ያንኑ መርዝ በኢትዮጵያ ሕዝብ ላይ አዘነበችው። በ1936 ዓ.ም. ሰኔ 30 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው አቤት ሲሉ፣ «በሕግ አምላክ» ማለታቸው ነበር፤ ኃያላኑም ሰምተው ዝም አሉ።

ይሁን እንጂ ነገሩ በዚህ አላበቃም። ኢትዮጵያና ላይቤርያ የቀድሞው ማኅበር አባላት እንደ መሆናቸው መጠን በ1960 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪቃን በሄግ ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ በአደራ የተሰጣትን የደቡብ ምዕራብ አፍሪቃን ሕዝብ በዘር ልዩነት በድላለች ብለው ነው። ክርክሩ 6 ዓመት ያህል ቆየ። በ1966 ዓ.ም. ዳኞቹ 7 ለ7 እኩል ተከፈሉና በፕሬዚዳንቱ ተጨማሪ ድምፅ «ከሳሾቹ በዚህ ነገር ለመክሰስ መብት የላቸውም» ተብሎ ክሱ ወደቀ። ብዙ ሰው ሕግ ሞተ አለ። ነገር ግን በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የደቡብ አፍሪቃን አደራ ሻረ፤ በ1971 ዓ.ም. ያው ፍርድ ቤት የደቡብ አፍሪቃ በዚያ አገር መቀመጥ ሕገ ወጥ ነው ሲል አሳቡን ሰጠ፤ ሕዝቡም ከብዙ ትግል በኋላ በ1990 ዓ.ም. ናሚብያ በሚል ስም ነጻነቱን አገኘ።

እንግዲህ ለካንት ነቀፋ መልስ የሚሆነው ይህ ይመስለናል። ሕግ መድፍን አያቆምም፤ ነገር ግን ሕግ ከሌለ ለተበደለው የሚናገርበት ቃል አይኖረውም። በደል በደል መሆኑ አስቀድሞ የተጻፈ እንደ ሆነ፣ በዳዩ ቢያሸንፍም እንኳ ትክክል ነኝ ብሎ አይኖርም፤ ተበዳዩም የሚይዘው ማስረጃ ያገኛል። ግሮቲየስ ራሱ ያለ ፍትሕ የተፈረደበት ሰው ነበረ። ከእስር ባመለጠ ጊዜ የበቀል መጽሐፍ ሊጽፍ ይችል ነበር፤ እርሱ ግን ለጠላትም ጭምር የሚሆን ሕግ ጻፈ። ሕግ ለመማር የሚያስቡ ተማሪዎች ይህን የሕይወት ታሪክ ሲያነቡ፣ ሊቅነቱን ብቻ ሳይሆን ይህን ትዕግሥቱንም ቢመለከቱ ይጠቀማሉ።